ጥሙ የጾም ነው ወይስ የሕመም? ስኳር ያለበት ልጅ ላለው ቤተሰብ

 

ረመዳን ዘመድ ከዘመድ የሚጠያየቅበት ወር ነው። በሌላው ጊዜ በየሥራው ተበታትኖ የሚውል ቤተሰብ በኢፍጣር ሰዓት በአንድ ማዕድ ይቀመጣል፤ ከተራዊሕ በኋላ ይጨዋወታል፤ በባሕር ማዶ ያለውም ወንድምና እህት ስልክ ይደውላል። በዚህ ወር ከሶላት በኋላ ወደ እኛ ቀርበው ስለ ሕመምና ስለ ጾም የሚጠይቁን ምእመናን ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ «መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ልጹም ወይስ ልተው?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዳንድ እናቶችና አባቶች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ሼኽ፣ አንደኛው ልጄ በሕፃንነቱ ስኳር ተገኝቶበት ኢንሱሊን ይወጋል። የቀሩት ልጆቼ ደህና ናቸው። እነሱንስ ይይዛቸው ይሆን? አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?» ይላሉ።

ማወቅ ይቻላል። ማወቁም የልጅ ነፍስ የሚተርፍበት ጊዜ አለ። በተለይ በረመዳን የዚህ ሕመም ምልክት ከጾም ድካም ጋር ስለሚመሳሰል ነገሩን ዛሬ በሰፊው ልናየው ወደድን። የሕክምናውን ነገር ሐኪሞች ካረጋገጡት፣ የጾሙን ሕግ ደግሞ ዑለማዎች ካስቀመጡት ወስደን እናቀርባለን።

ሁለት ዓይነት ስኳር

በአገራችን «ስኳር» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዕድሜያቸው የገፋ፣ ኪኒን የሚውጡ አባቶችንና እናቶችን ነው። ይህን ሐኪሞች ዓይነት ሁለት ይሉታል። በእነዚህ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ኢንሱሊን ይመረታል፤ ነገር ግን በሚገባ አይሠራላቸውም። ዛሬ የምንነጋገርበት ዓይነት አንድ የሚባለውን ነው። ብዙ ጊዜ በልጆችና በወጣቶች ላይ ይታያል፤ ሆኖም በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣ ይችላል።

አላህ ለሰውነታችን ከጀርም የሚከላከልበት ሠራዊት ሰጥቶታል። በዓይነት አንድ ሕመም ይህ ሠራዊት ወዳጅን ከጠላት ሳይለይ ይቀራል። ከጨጓራ ጀርባ ባለው ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቀስ በቀስ ያጠፋቸዋል። ኢንሱሊን ከምግብ የተገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሥጋችን እንዲገባ በር የሚከፍት ቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲጠፋ ስኳሩ በደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል፤ ሰውነት ግን እየበላ ይራባል።

ይህ የሚሆነው ልጁ ከረሜላ ስላበዛ አይደለም። እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ባጠፋችው ጥፋትም አይደለም። ቡዳ አልበላውም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከዘር የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፤ በእሱ ላይ ተመራማሪዎች ገና ሙሉ በሙሉ ያልደረሱባቸው የአካባቢ ምክንያቶች ይጨመራሉ።

እስከ 1922 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ይህ ሕመም የያዘው ልጅ መጨረሻው ሞት ነበር። በዚያ ዓመት በጃንዋሪ ወር በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በኢንሱሊን መርፌ የታከመ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያ ወዲህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ኢንሱሊን ሳይቋረጥበት ያደገ ልጅ ይማራል፣ ያገባል፣ ወልዶ ይስማል።

ሕመሙ ከምልክቱ በፊት ይጀምራል

ብዙ ወላጆች «ልጄ ደህና ነበር፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደቀብኝ» ይላሉ። ለዓይን የሚታየው እንዲያ ነው። የሰውነቱ ሠራዊት ግን ቆሽቱን ማጥቃት የጀመረው ከወራት፣ ብዙ ጊዜም ከዓመታት በፊት ነው። ጥቃቱ በደም ውስጥ አሻራ ይተዋል። ይህን አሻራ ሐኪሞች አንቲቦዲ ይሉታል፤ በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ነው። በ1974 (እ.ኤ.አ.) በለንደን ይሠሩ የነበሩት ጂያን ፍራንኮ ቦታሶና ባልደረቦቹ በታማሚዎች ደም ውስጥ የቆሽትን ሕዋሳት ዒላማ ያደረጉ አንቲቦዲዎች መኖራቸውን አሳዩ። ዛሬ ላቦራቶሪዎች በዋናነት አራት ዓይነት አንቲቦዲዎችን ይፈልጋሉ። አንዱ ኢንሱሊንን ራሱን፣ ሦስቱ ደግሞ በእነዚያ ሕዋሳት ውስጥ ያሉ ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚያጠቁ ናቸው።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ ሕመሙን በሦስት ደረጃ ከፈለው። በመጀመሪያው ደረጃ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አንቲቦዲዎች በደም ውስጥ ይገኛሉ፤ የደሙ ስኳር ግን ልክ ነው፤ ልጁም ምንም አይሰማውም። በሁለተኛው ደረጃ ስኳሩ ከልክ መውጣት ይጀምራል፤ ምልክት ግን ገና የለም። እኛ «ታመመ» የምንለው በሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ ጥሙና ክሳቱ ሲታይ ነው።

አንቲቦዲ መገኘቱ ምን ያህል ያመለክታል? በፊንላንድ፣ በጀርመንና በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ከልደታቸው ጀምሮ የተከታተሏቸው ልጆች ውጤት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ታትሟል። ሁለትና ከዚያ በላይ አንቲቦዲ ከነበረባቸው ልጆች ከመቶ 70 ያህሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ሕመሙ ወጣባቸው። አንድ ብቻ ከነበረባቸው ግን ከመቶ 15 ያህሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ አንቲቦዲ ብቻ የተገኘበት ልጅ ክትትል ያስፈልገዋል እንጂ «ታሟል» አይባልም። ሁለትና ከዚያ በላይ የተገኘበት ልጅ ወላጆች ደግሞ መርፌው አንድ ቀን መምጣቱ እንደማይቀር አስበው ቢዘጋጁ ይሻላል።

ዘመድ ምን ያህል ያሰጋዋል?

ቁጥሩን በትክክል ማወቅ ሁለት ነገር ያስቀራል፤ ከንቱ ፍርሃትንና ከንቱ መዘናጋትን። በቤተሰቡ ውስጥ ይህ ሕመም ከሌለ ሰው ይልቅ የታማሚ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት የሆነ ሰው በ15 እጥፍ ያህል የበለጠ ተጋላጭ ነው። ይህ ሲሰማ ያስደነግጣል። በሌላ አነጋገር ግን የታማሚ ልጅ ወንድምና እህት የሆኑ መቶ ልጆች ቢሰበሰቡ ሕመሙ የሚይዛቸው አምስት ወይም ስድስት ያህሉ ናቸው፤ የቀሩት ደህና ሆነው ይኖራሉ። አባት ታማሚ ከሆነ የልጁ ዕጣ ተቀራራቢ ነው፤ እናት ታማሚ ከሆነች ከዚያ ያነሰ ነው። ከፍ የሚለው ከአንድ እንቁላል በተፈጠሩ መንትዮች ላይ ነው።

ሌላ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። አዲስ ከሚታመሙት መካከል ከመቶ 85 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት በቤተሰባቸው ውስጥ ታማሚ የላቸውም። «በዘራችን የለም» ብሎ የልጅን ምልክት ችላ ማለት አያዋጣም።

ምርመራው የት ይደረጋል?

የዘመዶችን ደም አስቀድሞ በመመርመር ረገድ ረጅም ልምድ ካላቸው መካከል ትራያልኔት የተባለው የምርምር መረብ አንዱ ነው። በአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ገንዘብ የሚደገፍ ሲሆን ከአሜሪካ ውጭ በአውሮፓና በአውስትራሊያም የሚሠሩ ማዕከላት ነበሩት። ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የታማሚ ዘመዶችን ያለ ክፍያ ሲመረምር ቆይቷል። ይቀበል የነበረው የታማሚ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት የሆኑ ከሁለት ዓመት ተኩል እስከ 45 ዓመት ያሉ ሰዎችን ነበር። አጎትና አክስት፣ የአጎትና የአክስት ልጅ፣ የወንድምና የእህት ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት ከሆኑ ደግሞ እስከ 20 ዓመት ያሉትን ይቀበል ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከክንድ ወይም ከጣት ጫፍ ጥቂት ደም ይወሰዳል፤ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ይመጣል። ከመቶ ዘመዶች ወደ 95 የሚሆኑት ምንም አንቲቦዲ አይገኝባቸውም። ከተገኘ ምርመራው ይደገማል፤ ከዚያም ስኳር የተበጠበጠበት መጠጥ ጠጥቶ የደምን ስኳር መለካት ይከተላል። አንድ ጊዜ ነጻ መሆን ለዘለዓለም ነጻ መሆን ስላልሆነ ትንንሽ ልጆች ከዓመታት በኋላ እንደገና ቢመረመሩ መልካም ነው።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል የሚኖሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ደሴ ወይም ጅማ ያለው የወንድማቸው ልጅ ኢንሱሊን የሚወጋ ከሆነ፣ እዚያ የሚያድጉት የእነሱ ልጆች የታማሚ ዘመድ ናቸው። እዚህ ያለነው ካልነገርናቸው ግን ሐኪማቸው «በቤተሰብ ስኳር አለ?» ብሎ ሲጠይቃቸው «የለም» ብለው ያልፋሉ።

በአንዳንድ አገሮች ምርመራው ከዘመድ አልፎ ለሁሉም ልጆች እየተዳረሰ ነው። በጀርመን ባየርን ክፍለ ግዛት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የልጆች ሐኪሞች ትንንሽ ልጆችን ይመረምራሉ፤ በ2020 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ውጤት ከ90 ሺህ ከሚበልጡ ልጆች መካከል 280 የሚሆኑት ገና ምልክት ሳይታይባቸው ተለይተዋል። ጣሊያን ደግሞ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ሕግ የልጆች ቅድመ ምርመራ በመላ አገሪቱ እንዲካሄድ ደንግጋለች።

አስቀድሞ ማወቅ ምን ይጠቅማል?

«መድኃኒቱ ያው መርፌ ከሆነ ቀድሞ ማወቁ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሁለት ነው።

አንደኛው ጥቅም ልጁን ከድንገተኛው አደጋ ማዳን ነው። ኢንሱሊን ፈጽሞ ሲያልቅ ሰውነት ስብን እያቃጠለ መኖር ይጀምራል፤ ከዚህም ኬቶን የሚባል አሲድ ይመነጫል። ኬቶን በደም ውስጥ ሲበዛ ልጁ ያስታውካል፣ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ቶሎ ቶሎ በረዥሙ ይተነፍሳል፣ ይፈዝዛል፤ በመጨረሻም ራሱን ይስታል። በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል ካልደረሰ ይሞታል። በጀርመን ያለ ቅድመ ምርመራ ሕመሙ ከሚታወቅባቸው ልጆች ከመቶ 20 ያህሉ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው ነው ሆስፒታል የሚደርሱት። በባየርን አስቀድመው ከተለዩት መካከል ግን ቁጥሩ ከመቶ አምስት አልሞላም። ወላጆቻቸው የሚመጣውን አውቀው፣ ምልክቱን ተምረው፣ ስኳሩን እየለኩ ጠብቀውታልና ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ሕመሙን ማዘግየት መቻሉ ነው። ቴፕሊዙማብ የተባለ መድኃኒት በ76 የታማሚ ዘመዶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ሁሉም በሁለተኛው ደረጃ ላይ የነበሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም ልጆች ነበሩ። መድኃኒቱን ለ14 ቀናት በደም ሥር የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ሕመሙ በሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ መጣባቸው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኖቬምበር 2022 (እ.ኤ.አ.) በሁለተኛው ደረጃ ላይ ላሉ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች እንዲሰጥ ፈቅዷል። መድኃኒቱ ፈውስ አይደለም። ለጊዜው የነጭ የደም ሕዋሳትን ቁጥር ይቀንሳል፤ ሽፍታና ራስ ምታትም ያስከትላል። ዋጋው ሲወጣ ለአንድ ሰው ሙሉ ሕክምና ከ190 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚደርስበት አይደለም።

ሁለት ዓመት ማዘግየት ትንሽ ይመስል ይሆናል። ልጅ ያሳደገ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። የስምንት ዓመት ልጅ ስኳሩ ሲወርድ «እየተንቀጠቀጥሁ ነው» ብሎ መናገር ያቅተው ይሆናል፤ አሥር ዓመት ሲሞላው ይናገራል፣ መርፌውንም እየተለማመደ ይሄዳል። ለእናቱም ሌሊት እየተነሱ መለካት የሌለባቸው ሁለት ዓመታት ናቸው።

«ባላውቀው ይሻለኛል» ለሚሉ

ከወላጆች የምንሰማው ሌላው ቃል «ያልመጣ ነገር እየፈለጉ መጨነቅ ቀደርን አለመቀበል አይሆንም ወይ?» የሚል ነው። ሕመምም ጤናም በአላህ ውሳኔ መሆኑን እናምናለን። ሰበብ ማድረስም ታዘናል። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር እንደማይጣላ ዑለማዎች በሰፊው አስተምረውናል። ገበሬ ዝናብ የአላህ መሆኑን እያወቀ ማሳውን አርሶ ይጠብቃል። የልጁን ደም አስመርምሮ የሚጠብቅ አባትም ያንኑ ነው የሚያደርገው።

ሆኖም ጭንቀቱ ውሸት አይደለም። ሁለት አንቲቦዲ የተገኘበትን፣ ነገር ግን እየሮጠ የሚጫወትን ልጅ ማየት ለእናት ከባድ ነው። ስለዚህ ምርመራውን ግዴታ አድርገን አንናገርም። ወላጆች ተመካክረው፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግረው፣ ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን እናደርጋለን ብለው አስበው ይወስኑ። ልጁ ነገሩን የሚረዳ ከሆነም በዕድሜው ልክ ይነገረው እንጂ ከኋላው አይሾካሾኩበት። የተመረመረው ልጅ በቤት ውስጥ «በሽተኛው» እየተባለ እንዳይጠራ፣ ወንድምና እህቶቹም በእሱ ላይ እንዳይሳለቁ መጠበቅ የወላጆች አማና ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግን መደበቅ ነው። በተለይ ሴት ልጅ ስትታመም «ለትዳር እንቅፋት ይሆንባታል» ተብሎ ከአጎትና ከአክስት ሳይቀር ይሸሸጋል። ልጅቱ ኢንሱሊኗን ተደብቃ ትወጋለች፤ ዘመድ ቤት ስትጋበዝ መርፌውን ትዘላለች፤ አንዳንዴም በዚህ ሰበብ ትሞታለች። የሰውን ገመና መሸፈን የተወደደ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ገመናን መሸፈን ማለት በመንደሩ አለማውራት ነው። ልጆቹ ላይ ተመሳሳይ ሕመም ሊመጣበት ለሚችል ወንድም መንገር ግን ሲለቱ ረሒም፣ ዝምድናን መቀጠል ነው። በጆሮው «የእኔ ልጅ ይህ አለበት፤ አንተም ልጆችህን ጠብቅ» ማለት ከብዙ ስጦታ ይበልጣል። ይህ ሕመም ያለባት ልጅ በደንብ ከታከመች ታገባለች፣ ትወልዳለች፤ ይህንንም ሽማግሌዎችና ኢማሞች በየአጋጣሚው መናገር አለብን።

ደም መስጠት ጾምን ያፈርሳል?

ብዙዎቹ የምርመራ ቀጠሮዎች በረመዳን ሊውሉ ስለሚችሉ ይህ ጥያቄ ይነሳል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1997 (እ.ኤ.አ.) በጂዳ ባደረገው አሥረኛ ጉባኤው ለላቦራቶሪ ምርመራ የሚወሰድ ደም ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ምግብ የማይሆን መርፌ፣ በቆዳም ሆነ በጡንቻ ቢሰጥ፣ እንዲሁ አያፈርስም። በዚህ መሠረት የአንቲቦዲ ምርመራ በጾም ላይ እያሉ ማድረግ ይቻላል። ጣትን ወግቶ ስኳር መለካትም አያፈርስም፤ «ጾሜ ይበላሻል» ብሎ ሳይለኩ መዋል ትልቅ ስህተት ነው። ኢንሱሊን መውጋትም ከዚሁ ውስጥ ነው። ስኳር ጠጥቶ የሚደረገው ምርመራ ግን መጠጣት ስላለበት ጾምን ያፈርሳል፤ ባሊግ የሆነ ሰው ሐኪሙ አስቸኳይ ካላለው ከዒድ በኋላ ቢያደርገው ይሻላል።

ሕመሙ የወጣበት ሰው ይጹም አይጹም የሚለውን ከሐኪሙ ጋር ይወስን። ዓይነት አንድ ያለባቸውን ሰዎች የስኳር ሐኪሞች በጾም ጊዜ ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው መካከል ይቆጥሯቸዋል። የሚጹም ሰው ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ በዚያው ሰዓት፣ ለመግሪብ አሥር ደቂቃ ቢቀርም እንኳ፣ ጾሙን መፍታት አለበት። አላህ ለታመመ ሰው የሰጠው ሩኽሳ የአላህ ስጦታ ስለሆነ በደስታ ይቀበሉታል እንጂ አያፍሩበትም። ሕመሙ የማይለቅና ጾሙም የሚጎዳው መሆኑን የታመነ ሐኪም የነገረው ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ይመግባል። ባሊግ ያልሆነ ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጾም ግዴታው አይደለም፤ ከጓደኞቹ እኩል ለመሆን ብሎ ከወላጆቹ ተደብቆ እንዳይጾም ይጠበቅ።

እዚህ አገር ያለን ቤተሰብ ምን እናድርግ?

የአንቲቦዲ ምርመራ በየጤና ጣቢያችን የሚገኝ አይደለም። ቴፕሊዙማብንማ ተዉት። ይህ ማለት ግን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለት አይደለም። የቅድመ ምርመራ ትልቁ ፍሬ ልጅን ከድንገተኛው አደጋ ማትረፍ ከሆነ፣ ያን ፍሬ በዓይናችንና በአንዲት የስኳር መለኪያ መሣሪያ ልናገኘው እንችላለን።

ረመዳን ላይ ጾመኛ ልጅ ይጠማዋል፤ ይደክመዋል፤ ትንሽም ይከሳል። ስለዚህ ሕመሙ ሲጀምር ቤተሰብ «ጾሙ ከብዶት ነው» ይላል። መለያው ከኢፍጣር በኋላ ያለው ሰዓት ነው። ጤነኛ ልጅ ውሃ ሲጠጣ ጥሙ ይቆርጥለታል፤ ሲበላ ይበረታል፤ ከዚያ ይተኛል። ይህ ሕመም የያዘው ልጅ ግን ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም። ሌሊቱን ደጋግሞ ለሽንት ይነሳል። አልጋ ማርጠስ የተወ ልጅ እንደገና ይጀምራል። በኢፍጣርም በሱሑርም በደንብ እየበላ ልብሱ ይሰፋዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ካያችሁ ዒድን አትጠብቁ። በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና «ስኳሩ ይለካልን» ብላችሁ ጠይቁ። የአንድ ጠብታ ደም ጉዳይ ነው።

ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ቶሎ ቶሎ በረዥሙ መተንፈስ፣ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽ ወይም መፍዘዝ ከተጨመረበት ግን ማግስትም አትጠብቁ፤ ጾመኛም ከሆነ ጾሙን አስፈቱትና በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሱት። በዚህ ደረጃ ያለ ልጅ ወባ፣ ታይፎይድ ወይም የሆድ ሕመም ተብሎ ሊታለፍ ስለሚችል «በቤታችን ስኳር ያለበት ልጅ አለ» ብሎ ለሐኪሙ መንገር ሊያተርፈው ይችላል። ሩቅያና ዱዓ አድርጉ፤ መኪናው ውስጥ ሆናችሁም ይደረጋል። ኢንሱሊን የጀመረን ልጅ «ዱዓ ተደርጎለት ተሻለው» ብሎ መርፌውን ማስተው ግን ነፍሱን አደጋ ላይ መጣል ነው።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ኢንሱሊን የሚወጋ ወጣት ሁሉ ዓይነት አንድ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። በጎንደርና በአካባቢው ለዓመታት የተደረጉ ጥናቶች በገጠር የምግብ እጥረት በጎዳቸው ወጣቶች ላይ የሚታይና ኢንሱሊን የሚፈልግ ሌላ ዓይነት ስኳር ሊኖር እንደሚችል ሲያመለክቱ ቆይተዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2025 (እ.ኤ.አ.) ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ሕመም ዓይነት አምስት ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ልጆቹን ከማስመርመሩ በፊት እዚህ ያለው ታማሚ ምን ዓይነት እንደተባለ ከሐኪሙ ጠይቃችሁ ንገሩት።

በዚህ ረመዳን

በቀሩት የረመዳን ቀናት በምትጠያየቁበት ጊዜ ይህን ጉዳይ ከቤተሰብ ጨዋታ ውስጥ አስገቡት። በእናትም በአባትም ወገን ኢንሱሊን የሚወጋ ማን እንዳለ፣ በስንት ዓመቱ እንደጀመረው ታላላቆችን ጠይቁ። በሕፃንነቱ «ውሃ ውሃ እያለ» በድንገት የሞተ ልጅ ካለም አያቶች ያስታውሱታል። በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉት በስልክ ንገሯቸው። ልጃችሁ ታማሚ ከሆነ ለመምህሩና ለቁርኣን አስተማሪው አሳውቁ፤ ስኳሩ ሲወርድ የሚቀመስ ጣፋጭ በኪሱ ይኑር።

አላህ ሀብት የሰጣችሁ ደግሞ ሶደቃ ስትሰጡ ይህን አስቡ። ብዙ ድኃ ቤተሰብ ኢንሱሊኑን በነጻ ወይም በቅናሽ ቢያገኝ እንኳ መለኪያ መሣሪያውና በየቀኑ የሚያልቀው መለኪያ ወረቀት ያቅተዋል። ታማሚው ድኃ ከሆነ ዘካም ይገባዋል። አንድ መሣሪያና የአንድ ወር መለኪያ ወረቀት ገዝቶ ለአንዲት እናት መስጠት ታማሚውንም ያሳክማል፤ ወንድምና እህቶቹም ሲጠማቸው በዚያው መሣሪያ ይለካሉ።

አላህ ታማሚዎቻችንን ይፈውስልን፤ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ጾማችንንና ሶላታችንን ይቀበለን። ወላሁ አዕለም።